የወጣት ነጂ ዓይንና የሲሙሌተር ሥልጠና



ዛሬ የምናገረው ወጣቶችን ሞተር ብስክሌት ለማስተማር ስለሚያገለግለው ሲሙሌተር ነው። መሣሪያው መሪ፣ ፍሬን፣ ነዳጅ መስጫና መቀመጫ ሲኖረው፣ ተማሪው በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ጎዳና እየተመለከተ ይነዳል። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ይኸውም መሣሪያው በቅድሚያ ሊያሠለጥን የሚገባው እጅን ነው ወይስ ዓይንን? የሚል ነው።

በኢጣሊያ አንድ ልጅ 14 ዓመት ሲሞላው ፈቃድ አውጥቶ 50 ሲሲ ሞተር ያለው፣ በሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር የማያልፍ ብስክሌት መንዳት ይችላል። በዚህ ዕድሜ እጅ ቶሎ ይለምዳል። ከቆመ መኪና ጀርባ እግረኛ ሊወጣ እንደሚችል አስቀድሞ መጠርጠር ግን ዘግይቶ የሚመጣ ችሎታ ነው።

ሃሪ ኸርትና ባልደረቦቹ በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 አደጋዎችን በየስፍራው ተገኝተው ከመረመሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ዘገባ፣ ለነጂው የማምለጫ ጊዜ ሆኖ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሴኮንድ ያነሰ መሆኑን አስረድተዋል። ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከደረሱት ግጭቶች ሁለት ሦስተኛው የተከሠቱትም ሌላው ነጂ ቅድሚያ በመንሣቱ ነበር። እንግዲህ ሕግ ማክበር ብቻውን ወጣቱን አያድነውም፤ የሌላውንም ስሕተት አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል።

ነገሩን በስሌት እንመልከተው። በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 12.5 ሜትር ነው። መኪና በ25 ሜትር ርቀት ላይ መንገዱን ቢዘጋና ፍሬኑ ፍጥነቱን በየሴኮንዱ በ5 ሜትር በሴኮንድ የሚቀንስ ቢሆን፣ ከ1 ሴኮንድ በኋላ ፍሬን የያዘው ልጅ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ ይጋጫል። ከግማሽ ሴኮንድ በኋላ የያዘው ግን 3 ሜትር ያህል ሲቀረው ይቆማል። ፍሬኑም መንገዱም አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው ንቃት ብቻ ነው።

የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናታቸው፣ ሆንዳ በሠራው ሲሙሌተር የሠለጠኑ ወጣቶች ከዚያ በፊት ባላዩት መንገድ ላይ እንኳ አደጋን በተሻለ ሁኔታ ማስወገዳቸውን አሳይተዋል። የዚህ መሣሪያ መቀመጫ እንደ እውነተኛው ብስክሌት አያጋድልም፤ ትምህርቱ ግን አልተጓደለም። ሆኖም መሻሻሉ የተለካው በሲሙሌተሩ ላይ እንጂ በጎዳና ላይ አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም።

እጅን ብቻ ማሠልጠን ሌላ ጉዳትም አለው። ከአደጋ የሚያወጣ ጥበብ የተማረ ወጣት ወደ አደጋው በድፍረት ሊጠጋ ይችላል። ዓይኑ የሠለጠነ ግን አስቀድሞ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ፣ ያን ጥበብ የሚሻበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ መሣሪያ እንድንሠራ ወይም እንድንመርጥ ስንጠየቅ፣ በቅድሚያ ልንመዝነው የሚገባን የእንቅስቃሴውን ድምቀት አይደለም። አደጋዎቹ ቦታቸውንና ጊዜያቸውን ይለዋውጣሉን? ተማሪው ከነዳ በኋላ ምን እንዳላየ ተመልሶ እንዲያይ ይደረጋልን? ውጤቱስ ከመሣሪያው ውጭ በጎዳና ላይ ይመረመራልን? ልጁ የትኛው ማዕዘን ላይ መኪና እንደሚወጣ በቃሉ ከያዘ የተማረው ጨዋታውን እንጂ መንገዱን አይደለም፤ የጎዳናው አደጋ ደግሞ በተለመደው ቦታ አይጠብቀውም።