ክንድ ያመዋል፣ የታመመው ግን ልብ ነው

(በሬዲዮ ከተላለፈ ትምህርት ለትራክት ተስተካክሎ የቀረበ)

የንባብ ክፍል፦ 1ኛ ሳሙኤል 1፥9–18

 

ዛሬ በማስነጠስ ልጀምር ነው። አትሳቁብኝ! ጠዋት ከጨለማ ቤት ወጣ ብሎ ፀሐይ ፊቱን ስትመታው ወዲያው የሚያስነጥስ ሰው አታውቁም? እኔ አንዱ ነኝ። እናቴም እንዲሁ ነበረች። እሷ ደጃፍ ላይ ስታስነጥስ ጎረቤት «ይማርሽ!» ይላል፤ ጉንፋን ግን አልነበረባትም። የሕክምና ሰዎች እንደሚሉት ከአራት ሰው አንዱ ገደማ እንዲህ ነው፤ ከወላጅ ወደ ልጅም ይወርዳል። የብርሃንን መልእክት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭና የአፍንጫን ስሜት የሚያደርሰው ነርቭ መንገዳቸው ተቀራርቦ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚፈስ ነው ብለው ያስባሉ። ዐይን «ብርሃን በዛብኝ» ሲል አፍንጫ «እኔን ነው የጠራችሁኝ» ብሎ ይመልሳል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ጆሮውን በጥጥ ሲያጸዳ የሚያስለው ሰው አለ። ጉሮሮው ምንም አልሆነም። ወደ ጉሮሮና ወደ ሳንባ የሚወርደው ትልቁ ነርቭ አንድ ቀጭን ቅርንጫፉን ወደ ጆሮ ይልካል። ጆሮ ሲነካ አንጎል ጉሮሮ የተነካ ይመስለዋልና «አስል» ብሎ ያዝዛል።

በድሮው ሬዲዮ ማታ ማታ ጣቢያ ስትፈልጉ ምን ይገጥማችሁ ነበር? ስብከት እየሰማችሁ በመካከል ሌላ ጣቢያ ገብቶ ዘፈን ይለቅባችኋል። ሰባኪው አልዘፈነም፤ መስመሩ ተደባልቆ ነው። ሰውነታችንም አንዳንዴ እንዲህ ነው።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ዐይናችን ሲርገበገብ «ማንን ላይ ነው?» እንላለን። መዳፋችንን ሲበላን ገንዘብ እንጠብቃለን። ምግብ ትን ሲለን «ማን ስሜን አነሣው?» እንላለን። ይህ ገድ ይባላል። እኛ አማኞች ደግሞ ገዱን ትተን ሌላ ነገር ጀምረናል፤ ያልገባንን የሰውነት ምልክት ሁሉ ወይ ኀጢአት ወይ መንፈስ እንለዋለን። ወገኖቼ፣ ይህን የምነግራችሁ በሌላ ሰው ላይ ጣቴን ልቀስር ብዬ አይደለም። ራሴ ያደረግሁትን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባሕር ዳር ተነሥተን ሐሙሲትንና ወረታን አልፈን፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠን ይፋግ ገባን። ጥንት ነጋዴ የሚጎርፍባት ዝነኛ የገበያ ከተማ የነበረችው ይፋግ ማለቴ ነው። አንድ አማኝ ቤተ ሰብ በእንግድነት ተቀበለን። ማዕድ ቀረበ፤ ተባርኮ መብላት ጀመርን። የቤቱ አባወራ ገና ሁለት ጉርሻ ሳይጎርሱ እንባቸው ይወርድ ጀመር። እኔ ልቤ ተነካ፤ መንፈስ ቅዱስ እየሠራ ነው አልኩ። ማዕዱን አስቁሜ እጄን ጭኜ ጸለይሁላቸው። «በልብህ የያዝኸውን ተናዘዝ፣ ጌታ ይቅር ይልሃል» አልኳቸው፤ በልጆቻቸው ፊት፣ በጎረቤት ፊት።

እሳቸው ዝም ብለው አስጨረሱኝና ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «መጋቢ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን እኔ እያለቀስሁ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ፊቴ በአንድ ወገን ተጣሞ ነበር። ዳንሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ምግብ ባኘክሁ ቁጥር የግራ ዐይኔ እንባ ያፈስሳል።»

በኋላ ሐኪም ጠይቄ ተረዳሁ። የፊት ነርቭ ከተጎዳ በኋላ እንደገና ሲያድግ ቅርንጫፎቹ መንገድ ይስታሉ። ምራቅ እንዲያመነጭ የተላከው ትእዛዝ ወደ እንባ ዕጢ ይሄዳል። ሰውየው እንጀራ ይበላል፣ ዐይኑ ያለቅሳል። ኀዘን የለም፤ የተሰወረ ኀጢአትም የለም። መስመሩ ነው የተሳሳተው።

በዚያች ሰዓት ዐፈርሁ። የበለጠ ያሳፈረኝ ግን ከዚያ የቀጠለው ነው። እናት፣ የቤቱ እመቤት፣ ወጥ እየጨመሩ፣ እንግዳ እያስተናገዱ፣ በመካከል የግራ ክንዳቸውን ያሹ ነበር። አይቻለሁ። ስጠይቃቸው «ውኃ ስሸከም ነው» አሉኝ። እኔም «አይዞዎት» ብዬ አለፍሁ። እንባ ላፈሰሰው ረጅም ጸሎት፣ ክንዷን ለያዘችው አንድ ቃል!

በማግሥቱ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደዚያ ቤት መጣች። ልጅ እግር ናት። እሷ አልሰበከችም፤ ጠየቀች። «እማማ፣ ክንድዎን መቼ መቼ ነው የሚያምዎት?» «ዳገቱን ስወጣ።» «ሲቀመጡስ?» «ሲቀመጡማ ይተወኛል።» «ደረትዎን ያፍንዎታል?» «አዎ፣ ድንጋይ እንደ ተጫነኝ ያደርገኛል።» ልጅቱ ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። «እማማ፣ ክንድዎ አይደለም፤ ዛሬውኑ እንሂድ» አለች። ባሕር ዳር ተወሰዱ፤ የታመመው ልባቸው ሆኖ ተገኘ። ሕክምና ጀመሩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬም አሉ።

ልብ ሲታመም ክንድ ለምን ያማል? ከልብ የሚመጣው መልእክትና ከክንድ የሚመጣው መልእክት ወደ ኅብለ ሠረሰር የሚገቡት በአንድ በር ነው። አንጎል ከክንድ መስማት ለምዷል፤ ከልብ መስማት አልለመደም። ስለዚህ ልብ ሲጮኽ «ክንድ ነው» ይላል። በመንጋጋ፣ በአንገት፣ በጀርባ የሚሰማውም አለ። አድማጮቼ፣ ይህን ያዙልኝ፦ ደረት ሲጨንቅ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ሲሄድ፣ ላብ ሲያሰምጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ቅባት እየቀባችሁ አትቀመጡ። እየጸለያችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። መጸለይ መሄድን አይከለክልም።

የተሳሳተ ስም መስጠት ነፍስ ያስከፍላል። ይህን የይፋግና የአዲስ ዘመን አካባቢ ሰው ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር መግባቱ ሲታወቅ፣ ብዙ ሕመምተኞች አስቀድሞ ወባ ነው ተብለው የወባ መድኃኒት ሲውጡ ቆይተው ነበር። ትኩሳቱ የወባ ይመስላል፣ ሆድ ውስጥ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይመነምናል። መድኃኒቱ ክፉ አልነበረም፤ ለሌላ በሽታ የተሠራ ነበር እንጂ።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። ሐና በሴሎ በእግዚአብሔር ፊት ትጸልያለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ አይሰማም። ካህኑ ዔሊ ከንፈሯን አየና ሰክራለች አለ። ምልክቱን በትክክል አይቷል፤ ትርጉሙን ግን ሳተ። ከንፈሯ ላይ የታየው ከልቧ የመነጨ ነበር፤ መካን ሆና፣ በጣውንቷ ተሰድባ፣ ዓመት በዓመት እያለቀሰች የኖረች ሴት ናት። ዔሊን የማመሰግነው በአንድ ነገር ነው፤ መልሷን ሲሰማ ቃሉን ለወጠ። ፍርዱን ትቶ በሰላም እንድትሄድ ባረካት። ዔሊ ግን አስቀድሞ ቢጠይቃት ኖሮ ያ የስካር ቃል ከአፉ ባልወጣ ነበር።

ወንድሞችና እህቶች፣ በጉባኤያችን ውስጥ ስንት ሐና አለች? ዝማሬ ላይ ዝም የምትለዋን «ቀዝቅዛለች» አልናት፤ ምናልባት ቤቷ ውስጥ የምትበላው የላትም። ከኅብረት የቀረውን ወጣት «ወደ ዓለም ተመልሷል» አልነው፤ ምናልባት የምንለምነው ይቅርታ አለ። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 አንድ ብልት ሲሠቃይ ሌላው ሁሉ አብሮ እንደሚሠቃይ ያስተምረናል። እንግዲህ በአንዱ ብልት ላይ የሚታየው ሕመም ከሌላው የመጣ ሊሆን ይችላል። ስም ከመስጠትህ በፊት ጠይቅ። ከጠየቅህም በኋላ ስማ።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። አንተ አባት፣ ከገበያ ከስረህ ስትመጣ ልጅህን ለምን ትመታለህ? ክስረቱ ገበያ ላይ ነው፤ የሚያለቅሰው ልጅህ ነው። መስመሩ ተደባልቋል! አንቺ እህት፣ ለእናትሽ ያልነገርሽው ቁጣ በምራትሽ ላይ ለምን ይወርዳል? ብዙ ጊዜ ጌታ ፊት የምናመጣው ክንዳችንን ነው፤ «ቁጣዬን አስወግድልኝ፣ እንቅልፌን መልስልኝ» እንላለን። ጌታ ግን ልብን ያያል። ከኢየሱስ ጋር ገና ያልታረቅህ ወዳጄ፣ ስንት ዓመት ክንድህን ስታሽ ኖርህ? ዛሬ ልብህን ስጠው። እሱ ሳይጠይቅ የሚያውቅ ሐኪም ነው፤ ቢሆንም አንተው እንድትነግረው ይወድዳል።

አብረን እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ሳንጠይቅ ስለ ፈረድንባቸው ሰዎች ይቅር በለን። አይተን ያለፍናቸውን ዛሬ አሳስበን፤ ሄደን እንድንጠይቃቸው እግር ስጠን። የታመሙትን ፈውስ፣ የሚያክሙትንም እጅ ባርክ። የተሰወረውን ልባችንን ለአንተ እንከፍታለን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ይህን ትራክት አንብበህ ስትጨርስ አታስቀምጠው፤ ለጎረቤትህ ስጠው። ስትሰጠውም «እንዴት ነህ?» በለው፤ መልሱንም ቆመህ ስማ።