ስለ እጅ ሥራ ክብር፦ በሣጥን ውስጥ ያለ ጠመዝማዛ መንገድ



እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ዛሬ የምንነግራችሁ በቤታችን ስለ ሠራነው መጫወቻ ነው። ይህም ብይ በብዙ ጠማማ መንገድ ተንከባልሎ መውጫውን የሚያገኝበት ትንሽ ሣጥን ነው።

አሳቡን ያገኘነው ከዚሁ ከባሌ ነው። ከሮቤ በስተ ምሥራቅ፥ በሶፍ ዑመር፥ የወይብ ወንዝ የኖራውን ድንጋይ ቦርቡሮ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ከፍቷል፤ መንገዱም እየተለያየ ይገናኛል።

በመጀመሪያ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ትክክለኛውን መንገድ ነደፍን፤ ቀጥሎም የሚያሳስቱትን ዝግ መንገዶች ጨመርን። መንገዱን ከብዩ ጥቂት አስፍተን፥ ግድግዳውን ከስስ እንጨት ቆርጠን በሙጫ አጣበቅን። ሰሌዳውን በማቀፊያ ውስጥ፥ ማቀፊያውንም በሣጥኑ ውስጥ በጠንካራ ሽቦ ሰቀልን። አንዱ ሽቦ ሲዞር ሰሌዳው ወደ ግራና ወደ ቀኝ፥ ሌላው ሲዞር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያጋድላል። ሽቦው ከሰሌዳው የክብደት ማዕከል ጥቂት ከፍ ካለ፥ እጅ ሲለቀው ሰሌዳው በራሱ ይስተካከላል፤ ዝቅ ካለ ግን ይገለበጣል። ይህን ሕግ በመጽሐፍ ተምረነው ነበር፤ በደንብ የገባን ግን በእጃችን ስንሠራው ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፥ መጋዝና መዶሻ ስንይዝ «ለዚህ ነው ያስተማርናችሁ?» አትበሉን። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ቀጥቃጩንና ሸማኔውን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ግን ከአንዳንድ ሰው አፍ ገና አልጠፋም። ታናናሾቻችን ሆይ፥ እናንተም ብዕሩን ሳትጥሉ መዶሻውን አንሡ።