ሙያው እጃቸው ላይ ነው

እሷ፦ ዛሬ ከአያት የሚመጣው ቀላል ባቡር ከሚቆምበት ከጦር ኃይሎች፣ ስለ ስደተኞችና ስለ ምግብ ዝግጅት ሥልጠና እናወጋለን።

እሱ፦ የሚከነክነኝን ልንገርሽ። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ ሠርቶ እንዲያድር ፈቅዷል። ምግብ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ግን አሠሪው መታወቂያውን አይቶ ያመነታል።

እሷ፦ እውነት ነው። ስደተኞቹ የየመን እናቶች ሰልታ የሚባለውን ወጥ ሲሠሩ አይተሃል? የተፈጨ አብሽ ዘፍዝፈው፣ ውኃውን አጥልለው፣ ነጭ አረፋ እስኪያወጣ ይመቱታል፤ ከዚያ በሚንተከተከው ወጥ ላይ ያደርጉታል። ይህን የምታውቅ ሴት ሽንኩርት መክተፍ ልታስተምራት ነው? የሚያስፈልጋት ለሥራ የሚሆን አማርኛ፣ የንጽሕና ደንባችን፣ የወጪ ስሌትና የብቃት ማረጋገጫ ወረቀት ነው።

እሱ፦ ኤርትራዊቷ ስደተኛ ደግሞ እንጀራውንም ሽሮውንም ታውቀዋለች። እሷን የሚያስጨንቃት የመነሻ ገንዘብና የቤት ኪራይ ነው።

እሷ፦ ከሳዑዲ የተመለሱ እህቶቻችንንም አንርሳ። በ2006 ዓ.ም. ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ዜጎች ተመልሰዋል። ብዙዎቹ ሴቶች በሰው ማድ ቤት ዓመታት አሳልፈዋል። ከስደተኞቹ ጋር አብረው ቢሠለጥኑ ደስ ይለኛል።

እሱ፦ የሚሠሩትንስ ማን ይብላው? በሳምንት አንድ ቀን ለሰፈሩ አቅመ ደካሞች ማዕድ ይቅረብ እላለሁ። ሥጋ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን ያለያያል፤ በጾም ምግብ ግን ሁሉም ከአንድ መሶብ ይቆርሳል። ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን?

እሷ፦ ረቡዕ ይሁን። ዓርብ በምሳ ሰዓት ጁምዓ አለ።