የአስታማሚዎቹ ማኅበር አመሠራረት



በመሐንዲሶች መካከል ስለ ሆስፒታል ሲነሣ ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ውኃ ቧንቧውና ስለ አየር መተላለፊያው ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት ሮማ ግን ሕንፃ አልቸገራትም። በቲበር ወንዝ ዳር የሚገኘው የሳንቶ ስፒሪቶ ሆስፒታል በ1470ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 4ኛ ትእዛዝ እንደ አዲስ ተሠርቶ ነበር። የጠፋው፣ በሌሊት ለሕመምተኛው ውኃ የሚያቀብል ሰው ነው።

ይህን ጉድለት ካሚሎ ዴ ሌሊስ ያወቀው ራሱ ታሞ ተኝቶ ነው። በ1550 በቡኪያኒኮ ተወለደ፤ የወታደር ልጅ፣ ራሱም ወታደር፣ በዚያ ላይ ቁማርተኛ ነበረ። እግሩ ላይ የወጣው ቁስል እስኪሞት ድረስ አልሻረም። ያለውን በቁማር ጨርሶ፣ የካፑቺን መነኮሳት በማንፍሬዶኒያ በሚያሠሩት ሕንፃ የቀን ሠራተኛ ሆነ። ልቡ የተመለሰው በ1575 በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ ነው፤ ይህን መሐንዲሶች ቢያስታውሱት አይከፋም። ሊመነኩስ ቢሻም ቁስሉ ከለከለው። ወደ ሮማው ሳን ጃኮሞ ሆስፒታል ተመልሶ ከአገልጋይነት እስከ መጋቢነት ደረሰ።

በዚያ የነበሩት አስታማሚዎች ለደመወዝ ብቻ የሚሠሩ ቅጥረኞች ነበሩ። ካሚሎ ቁጥጥሩን ቢያጠብቅም ሕመምተኛው የሚገባውን አላገኘም። በቁጥጥር ብዛት ርኅራኄ እንደማይገኝ የተረዳው ያን ጊዜ ይመስላል፤ በ1582 ስለ ፍቅር ብለው የሚያገለግሉ ሰዎችን ለመሰብሰብ አሰበ። በ1584 ቀሰሰ። በ1586 ሲክስቶስ 5ኛ ማኅበሩን ፈቀዱ፤ አባላቱም በልብሳቸው ላይ ቀይ መስቀል እንዲያደርጉ ተፈቀደላቸው። (የ1864ቱ የቀይ መስቀል ዓርማ የስዊስ ሰንደቅ ዓላማ ቀለሙ ተገልብጦ የተገኘ ስለ ሆነ፣ ከዚህ ጋር ሊምታታ አይገባም።)

በ1589 በኔፕልስ ወረርሽኝ በገባባቸው መርከቦች ላይ ያሉትን ሲያስታምሙ ከማኅበሩ ሁለት ወንድሞች ሞቱ። ይህ ከሆነ በኋላ፣ በ1591 ግሪጎርዮስ 14ኛ ማኅበሩን ወደ ሙሉ የምንኩስና ማዕርግ ሲያሳድጉት፣ ከተለመዱት ሦስት ስእለቶች ሌላ አራተኛ ተጨመረ፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ቢሆንም እንኳ ሕመምተኛን ማገልገል።

በ1598 የገና ሰሞን ቲበር ሞላ። ሮማ ከመዘገበቻቸው ጎርፎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ያ የተደነቀ አዳራሽ በወንዙ ዳር፣ ሕመምተኞቹም በምድር ቤቱ ነበሩ። ካሚሎና ወንድሞቹ ባለ ቁስሉ እግር ሳይቀር እየተመላለሱ ሕመምተኞቹን በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ላይኛው ፎቅ እንዳወጧቸው ይተረካል። ውኃው ገብቶ አልጋዎቹን ሲያለብስ የተኛባቸው አልነበረም።