ከዋዛ እስከ መድረክ

በአሶሳ አካባቢ የበርታ ሰዎች ከቅል የሚሠሩትን ዋዛ የተባለ መለከት ሲነፉ፣ አንዱ መለከት የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚሞላው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። የዳንስ ሥልጠናም ይህንኑ ጆሮና ትዕግሥት ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም በአዲስ አበባ የጎዳና ልጆችን ማሠልጠን ጀመረ። ከዚያም አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ተወለደ። ከሠልጣኞቹ አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሮሌክስ የጥበብ መርሐ ግብር ተመርጦ ከጃፓናዊው ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር ሠራ።

አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ ልጁን ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ የዳንስ ማሠልጠኛ ለመግቢያ ፈተና የሚልክ ወላጅ የትምህርት ማስረጃውን፣ የመንገዱን ወጪና ማረፊያውን ቀድሞ ያዘጋጃል።

ለማሠልጠኛውም ሁለት ጥያቄ ያቀርባል፦ ልጄ በሳምንት ስንት ሰዓት ይለማመዳል? ሲጎዳስ ማን ያየዋል?