ባዶ ቦታ ዜሮ አይደለም
(በትምህርት ቤቱ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



ዴራችን ዝናብ የሚናፈቅባት አገር እንደ መሆኗ መጠን፥ የዝናብ መለኪያችንን ቍጥር በሥዕል ለማሳየት ተነሣን። መሣሪያችንም የአንጎልን ሥራ ይመረምር የነበረው አሜሪካዊ ጆን ሃንተር በ2003 እ.ኤ.አ. ለሰው ሁሉ ያቀረበው፥ በፓይተን ቋንቋ የሚሠራው ማትፕሎትሊብ ነበር።

በመጀመሪያ የወሮቹ ስም ሁሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ወጣ፤ መሣሪያው ይዞት የሚመጣው የፊደል ዓይነት የእኛን ፊደል አያውቅምና። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ጭነን በእርሱ እንዲጽፍ ብናዘው ተስተካከለ።

ሁለተኛም 9 ከ10 በላይ ተቀመጠ። ቍጥሩ እንደ ጽሑፍ ተነቦ ኖሯል፤ ወደ ቍጥር ስንለውጠው ሥፍራውን ያዘ።

ሦስተኛው ግን ከሁሉ የከፋ ነበር። ተረኛው ታሞ ሳይጻፍ የቀረውን ሳምንት ዜሮ ብለን ሞላነው። አንድ አባት ሥዕሉን አይተው፥ «ልጆቼ፥ በዚያ ሳምንት'ኮ ጐርፍ መንገድ ቈርጦ ነበር» አሉን። አፈርን። ስሕተቱ የመሣሪያው ሳይሆን የእኛ ነበር። ዜሮውን አጥፍተን «ቍጥር የለም» የሚለውን ምልክት ብናገባ፥ መስመሩ በዚያ ላይ ተቋረጠ።

ገበሬ ዘሩን የሚዘራው ዝናብን አምኖ ነው። ስለዚህ፥ ታናናሾቻችን ሆይ፥ ያልለካችሁትን እንደ ለካችሁት አድርጋችሁ አትሣሉ።