ቀይ አፈርና የጥንት ሠዓሊ



በድሬዳዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ በሚባለው ዋሻ የጥንት ሰዎች የሣሉት ሥዕል ይገኛል። ፈረንሳዊው ሊቅ አንሪ ብረይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. መርምረውታል። ከዋሻው ወለል ደግሞ ከሥዕሉ እጅግ የሚቀድም፥ ዕድሜው ወደ 40,000 ዓመት የሚገመት፥ 40 ኪሎ ግራም ያህል የቀለም አፈር ተቆፍሮ ወጥቷል። የዚያ ዘመን ሰዎች በድንጋይ ይፈጩት ነበር።

እንግዲህ በየጁቤም ሆነ በአዲስ አበባ ሆኖ፥ በጥንቱ ሥዕል ተመርቶ አዲስ ሥራ ለመሥራት የሚሻ ሰው ቅርጹን በመገልበጥ ብቻ አይወሰን። ከቀዬው ቀይ አፈር ወስዶ ይፍጨው፤ ይንፋው፤ በውሃም ይበጥብጠው። ያን ጊዜ የጥንቱ ሠዓሊ ድካም ይገባዋል።

ዋሻውን የሚጎበኝም ሰው፥ ሥዕሉ ጎልቶ እንዲታየው ብሎ ውሃ አይርጭበት፤ በእጁም አይንካው። የተበላሸ ወረቀት ይለወጣል፤ ያ ግድግዳ ግን ምትክ የለውም።